ምርቃት የሌለበት ሰዓት

ቦንጋ ውስጥ ሴት ልጅ ስትሮጥ ከታየች ሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ ወይ ሌባ እያባረረች ነው፣ ወይ ዝናብ እያባረራት ነው። እኔ ግን ለዓመታት በየማለዳው ያለ ሌባና ያለ ዝናብ ስለሮጥኩ የሰፈሬ ሰው ሦስተኛ ምክንያት ፈለገልኝ፤ «ልጅቷን ትንሽ ነካ ያደርጋታል» ተባለ። ወሬውን ያስጀመሩት እትዬ አበበች ናቸው። ስማቸውን ማጥፋቴ አይደለም፤ ለራሴም ፊት ለፊት ነግረውኛል።

እትዬ አበበች አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ከከተማው ዳገት ሥር፣ አስፋልቱ ዳር፣ ኮረሪማና ማር የሚሸጡባት አንዲት ክፍል ሱቅ አለቻቸው። ጠባችን የውሻ ጠብ ነው። እኔ ጎህ ሲቀድ በራቸውን ሳልፍ ውሻቸው ቡቺ ይጮኻል፤ ቡቺ ሲጮኽ እሳቸው ይነቃሉ፤ እሳቸው ሲነቁ እኔ ከነዘር ማንዘሬ እሰደባለሁ። በአማርኛ ይጀምሩና ንዴታቸው ሲብስ ወደ ካፊኖኖ ይሻገራሉ። ያኛው ስድብ እስከ ዳገቱ አጋማሽ ድረስ ይከተለኛል።

ሌላው የሚታወቁበት ነገር ምርቃት አለመስጠታቸው ነው። ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ሻጯ ለወዳጅነት አንድ እፍኝ ጨመር ታደርጋለች። እትዬ አበበች ዘንድ ይሄ የለም። ሚዛኑ ልክ ሲሆን እጃቸው ባለበት ይቆማል። «ምርቃትስ?» ያላቸው ሰው «ኪሎ ነው ያልከኝ፤ ይኸው ኪሎ» ተብሎ ይሸኛል። ታዲያ አንዲት ፍሬም አያጎድሉበትም። ሰው ሲያማቸው ይህችን ሁለተኛዋን ነገር ይረሳታል፤ እኔም ያን ጊዜ ረስቻት ነበር።

አስቴር እባላለሁ። ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮንትራት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቀን የሌላ ሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ማለዳ ለራሴ እሮጣለሁ። ሩቅ ከተማ ያለ አንድ የሩጫ ክለብ ሴቶችን ሊመለምል ወደ ቦንጋ ይመጣል የሚል ዜና ሰማን። ፈተናው የአሥር ኪሎ ሜትር የአስፋልት ሩጫ ነው። አንደኛ መውጣት አያስፈልግም፤ ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ በታች የገባች ሁሉ ታልፋለች። ካምፕ፣ ደመወዝ፣ ትክክለኛ የመሮጫ ጫማ ያገኛሉ ተባለ።

ካላለፍኩ የሚሆነውን ደግሞ ከእናቴ ጋር ተስማምተን ነበር። ቢታ ገነት መዝገብ ቤት ውስጥ ቋሚ ቦታ ተገኝቶልኝ የዚያው አለቃ መልሴን እየጠበቀ ነው።

«ይሄንን ሩጪ፤ አልከለከልኩሽም» አለችኝ እማዬ። «ካልሆነ ግን ጫማሽን ትሰቅይና ቢታ ሄደሽ እንደ ሰው ትቀመጫለሽ።»

እሺ አልኩ። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ የምሮጠው ለሜዳሊያ ሳይሆን ከመዝገብ ቤት ለማምለጥ ነበር። ቢታዎች አትቀየሙኝ፤ ከተማችሁ ደግ ከተማ ናት። እኔ የማልወደው ፋይል ነው።

አሰልጣኜ ታሪኩ የስፖርት አስተማሪ ነው። «አንቺ የጎደለሽ ጉልበት አይደለም፤ ልክ ነው» ይለኛል ሁልጊዜ። እውነቱን ነው። እኔ ሲጀመር እንደ እብድ እበርና ሲያልቅ የምሞት ሯጭ ነበርኩ። ስለዚህ ለዚህ ሩጫ ለሕፃን እንኳ የሚገባ ሒሳብ ሠራልኝ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ኪሎ ሜትሮች ሜዳ ናቸው፤ እያንዳንዱን ሁለት ኪሎ ሜትር በሰባት ደቂቃ ተኩል። የመጨረሻዋ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ከተማው የምትወጣው ዳገት ናት፤ እሷን ከስምንት ደቂቃ በታች።

«በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ሰዓትሽን እያየሽ ነው የምትሮጪው» አለኝ። «ከቀደምሽ ቀዝቀዝ፣ ከዘገየሽ ጨመር። ሌላ ምሥጢር የለውም። ለዳገቱ አቅም ካላስቀረሽ ግን እዚያው ትቀሪያለሽ።»

ለዚህ ብዬ ሺሺንዳ ገበያ ሄጄ ሰዓት ገዛሁ። ሻጩ ውሃ አያስገባም ብሎ ምሎልኛል። ሰዓቱ በመጀመሪያው ዝናብ ውሃ አስገባ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አላስወጣም። መስታወቱ ውስጥ ቁጥሮቹ ሲዋኙ አየኋቸውና ሞቱ። ይህ የሆነው ሐሙስ ነው፤ ሩጫው ቅዳሜ።

ታሪኩ ተስፋ አልቆረጠም። ሰዓት ከሌለኝ ሰው ይኑረኝ አለ። ወንድሜ ሙሉጌታ መነሻው ላይ ይቆምና ፊሽካው ሲነፋ በአንድ የስልክ ጥሪ ለአራት ሰዎች «ሂዱ!» ይላቸዋል። እነሱም በየስልካቸው ላይ ያለውን ሰዓት አስነስተው፣ እኔ በፊታቸው ሳልፍ ያለውን ቁጥር ጮክ ብለው ያነቡልኛል። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጋሽ ወልዴ እንዲቆሙ ተደረገ። ጋሽ ወልዴ ጡረታ የወጡ አስተማሪያችን ናቸው፤ በማስተማር ዘመናቸው አንድ ተማሪ ጥለው አያውቁም። አራተኛው ላይ ጸጉር ቤት ያላት የልብ ጓደኛዬ ሰላም፣ ስድስተኛው ላይ እማዬ ራሷ። ስምንተኛው ላይ የሚቆመው የአክስቴ ልጅ ከዋጫ ሊመጣ ነበር፤ አርብ ከሰዓት «መኪና አጣሁ» ብሎ ደወለ።

እማዬ ትንሽ አሰበችና «ስምንተኛው ኪሎ ሜትር እኮ አበበች በር ላይ ነው» አለች።

«ከእሳቸው ቡቺ ይሻለኛል» አልኩ።

እማዬ አልሰማችኝም፤ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። እኔም በአጥሩ ቀዳዳ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ነው?» አሉ እትዬ አበበች።

«እሱን ብቻ።»

«አነባለሁ። ማጨብጨብ ግን አልችልም።»

«አታጨብጭቢ።»

«ጎበዝ፣ አይዞሽ፣ ምናምን ማለትም አልችልም።»

«እሺ እናቴ፣ አትበዪ።»

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዱ ያካፋል። ከከተማው ውጪ አስፋልቱ ላይ ተሰልፈን እየዘለልን እንጠብቃለን። ሙሉጌታ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ጋሽ ወልዴ ይሰማል? እማ ትሰሚያለሽ?» እያለ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ይጮኻል። ፊሽካው ተነፋ። «ሂዱ!» ሲል ሰማሁት።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልበረርኩም። ልጆቹ ተተኮሱ፤ እኔ ግን የታሪኩን ምክር እንደ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ባለሁበት ቀረሁ። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጋሽ ወልዴ በጃንጥላ ሥር ቆመዋል። መነጽራቸውን አስተካክለው ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ስልኩን አዩ።

«ሰባት ከሃያ!» አሉ። «እጅግ በጣም ጥሩ!»

አሥር ሰከንድ ቀድሜያለሁ ማለት ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከቀደምሽ ቀዝቀዝ። ቀዝቀዝ አልኩ።

አራተኛው ላይ ሰላም ከሩቅ ስትዘል ታየችኝ። «አሥራ አራት ከአርባ! የኔ ቆንጆ! እንዴት ታምሪያለሽ!» ሃያ ሰከንድ። ከማላውቃቸው ሯጮች ሁለቱ፣ አንዷ ቀይ አንዷ ሰማያዊ ለባሽ፣ ከኋላዬ መጥተው ሲያልፉኝ አዘንኩላቸው። «ዳገቱ ላይ እንገናኛለን እህቶቼ» አልኩ በልቤ። ትንፋሼ የቤት እመቤት ትንፋሽ ነው፤ ዘፈን ብጠየቅ እዘፍናለሁ። እንዲህ ቀላል መሆኑ ትንሽ ቢገርመኝም ለካ ልክ መያዝ ማለት ይሄ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ስድስተኛው ላይ እማዬ ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ቆማለች። ስልኩን በሁለት እጇ እንደ ብርጭቆ ይዛዋለች። ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ።

«ሃያ ሁለት ደቂቃ!»

«እማ! እርግጠኛ ነሽ?»

«እናትሽ ትዋሻለች?»

ግማሽ ደቂቃ ሙሉ! ከዚያ በኋላ የሮጥኩት ሩጫ ሩጫ አይባልም። ለሚያጨበጭብ ሁሉ እጄን እያውለበለብኩ፣ ካምፕ የምለብሰውን ቱታ ቀለም እየመረጥኩ፣ ለቢታ አለቃዬ የምጽፈውን የይቅርታ ደብዳቤ በአእምሮዬ እየጻፍኩ ነው የሄድኩት። «ለተሰጠኝ ዕድል ምስጋናዬ የላቀ ሲሆን» የሚለው ላይ ስደርስ ቡቺ ጮኸ።

እትዬ አበበች የላስቲክ ካፖርት ለብሰው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ቅርብ ስለማያይ ስልኩን በክንዳቸው ርቀት ይዘውታል። ፊቴን አላዩም። ያዩት ስልኩን ብቻ ነው።

«ሠላሳ ደቂቃ ከአርባ!»

 በእኔ ሒሳብ ገና ሃያ ዘጠኝ ተኩል እንኳ አልሞላም።

«ተሳስተዋል!» አልኩ ወደ ኋላ እየዞርኩ። «እማዬ ቀድመሻል ብላኛለች!»

«እናትሽማ እናትሽ ናት! እኔ ምንሽ ነኝ?»

ጥያቸው ሄድኩ። ዳገቱ ተጀመረ። ውስጤ ግን ይበላኛል። ሦስት የሚወዱኝ ሰዎች ቀድመሻል ብለውኛል፤ አንዲት የምትጠላኝ ሴት ዘግይተሻል ትላለች። ዳኛ ብትሆኑ ማንን ታምናላችሁ? እኔም ምቀኝነት ነው አልኩ። አስደንግጣኝ ዳገቱ ላይ ጉልበቴን ጨርሼ እንድወድቅ ነው አልኩ። በንዴት «አንቱ»ውን ሁሉ ረሳሁት።

ይህን እያሰብኩ ከኋላዬ የባጃጅ ድምፅ መጣ። መንገዱ ተዘግቷል ተብሎ ነበር፤ ለባጃጁ የነገረው ግን የለም። ከጎኔ ደረሰ። እትዬ አበበች ግማሽ አካላቸውን አውጥተው ስልኩን ወደ አፍንጫዬ ዘረጉት።

«እያት! ይኸው! ዘግይተሻል እኮ ነው የምልሽ!»

«ሆን ብለው ነው!» አልኳቸው እያለከለክሁ። «ልጎዳት ብለው ነው!»

«አንቺ ደንቆሮ!» አሉ። «ልጎዳሽ ብፈልግ ቀድመሻል አልልሽም ነበር? ጎበዝ ብዬሽ እያንቀላፋሽ ትገቢ ነበር! ደግሞ ማለፍሽን ከእኔ በላይ የሚፈልግ ማን አለ? እለፊና ከዚህ ሰፈር ጥፊልኝ፤ ውሻዬ ይተኛበት!»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ብዙ ስብከትና ብዙ ምክር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ የተጣራ ማስረጃ ግን ሰምቼ አላውቅም። እውነትም የሚጎዳኝ ሰው የሚነግረኝ ጣፋጩን ነበር። ጣፋጩን የነገሩኝ ደግሞ እነማን እንደሆኑ አስታወስኩ። ጋሽ ወልዴ፣ ማንንም ጥለው የማያውቁት። ሰላም፣ ለደንበኛ ሁሉ «አምሮብሻል» የምትለው። እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ ስላት ዓይኗን ወደ አስፋልቱ የሰበረችው። ሁሉም እንደ ገበያ ወዳጅ አንድ አንድ እፍኝ ምርቃት ጨምረውልኛል።

ከዚያ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስላችሁ አሁን ነው የሮጥኩት። ተቆጥቦ የኖረ ጉልበት ስለነበረኝ እግሬ እሺ አለኝ፤ ሳንባዬ ግን ገና ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀምሮ ይቃጠላል። ባጃጁም ከጎኔ እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣል። እትዬ አበበች አላጨበጨቡም። አይዞሽም አላሉም። ብቻ በየጊዜው አንገታቸውን አውጥተው «ሠላሳ ሦስት!»፣ «ሠላሳ አራት!» ይላሉ።

አንድ ቦታ ላይ ሾፌሩ «እትዬ፣ ልጅቷ እኮ እየቀደመችን ነው» ሲል ሰማሁ።

«አንተስ ምን ሆነህ ትቀደማለህ? ንዳው!»

ቀይ ለባሿን አለፍኳት። ሰማያዊ ለባሿ ቆማ ታስታውካለች፤ እሷንም አለፍኳት። ስታዲየሙ በር ላይ «ሠላሳ ሰባት ሊሞላ ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣና ባጃጁን ዘበኛው አስቆመው። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጭቃውንና የራሴን ጩኸት ነው። መስመሩን አልፌ በደረቴ ተደፋሁ።

ሰዓት ያዡ ሰውዬ የእናቴ የዕድር ወዳጅ ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ሠላሳ ስምንት ከስድስት» አለኝ።  ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስድስት ሰከንድ ምን አላት? የክለቡ ሰውዬ ዝናቡን ሸሽቶ ሻይ እየጠጣ ነው። ሠላሳ ሰባት ከሃምሳ ስምንት ብንለው ማን ያውቃል?»

ይህን ሲል እማዬና ጋሽ ወልዴ ሰላምን አስከትለው ደርሰዋል። ሦስቱም ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ።

«ጋሽ ወልዴ» አልኳቸው ጭቃው ላይ እንደተኛሁ፣ «እውነቱን ይንገሩኝ። ስንት ነበር?»

ጃንጥላቸውን አጠፉት። «ሰባት ከአርባ። ፊትሽን ሳየው አሳዘንሽኝና ትንሽ ማርክ ጨመርኩልሽ።»

«አንቺስ ሰላም?»

«አንቺ ደስ ሲልሽ ነው በደንብ የምትሮጪው» አለች፤ አለቀሰች።

እማዬን አልጠየቅኳትም። እሷ ራሷ «በረሃብ ያለቅሽ መሰለኝ፤ ከስተሽ አየሁሽ» አለች። ስንት እንዳነበበች ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ተናደድኩ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ስድስት ሰከንድ! በየመንገዱ እጄን ሳውለበልብ የጣልኳት ነገር ናት። ደግሞም የምጮህበት ሰው አጣሁ፤ በሚወዱኝ ሰዎች ላይ ምን ብዬ ልጩህ? ሰዓት ያዡ አሁንም መልሴን ይጠብቃል። እውነት ልንገራችሁ፣ ያችን ካምፕ እንደዚያች ደቂቃ ፈልጌያት አላውቅም። «እሺ» የምትለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሳ ነበር።

እትዬ አበበች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ከበሩ ሲመጡ አየኋቸው። ስልኩ አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

«እትዬ፣ የእርስዎ ስንት ይላል?» አልኩ።

ስልኩን አርቀው አዩት። «ሠላሳ ስምንት ከሰባት። ጣቴ ዘግይቶ ይሆናል፤ ስድስት በዪው።»

አልጨመሩም፤ የእኔን አንዷንም ሰከንድ አላጎደሉም። ካምፕ ውስጥ በመጀመሪያው ማለዳ ሜዳው ዳር ሰዓት ይዞ የሚቆመው ሰውዬ ጋሽ ወልዴ እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባኝ። «ያለውን ይጻፉት» አልኩት ሰዓት ያዡን። እማዬ «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጉንጯን ያዘች።

እሑድን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ። ሰኞ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ አበበች ናቸው፤ ቡቺ ከእግራቸው ሥር ጭራውን ይቆላል።

«ተነሺ። ውሻው ነቅቷል።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ቢታ ልሄድ ነው። ጨርሻለሁ።»

«በስድስት ሰከንድ?» አሉ። «ሰው በስድስት ሰከንድ አገር ይለቃል? በር ላይ ቆሜ አነብልሻለሁ። ማጨብጨብ ግን አልችልም።»

እማዬ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። እኔ መልስ ሳልሰጥ ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር ጣለችው። ለቢታው አለቃዬም ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ «ምስጋናዬ የላቀ ሲሆን» የምትለዋን ሳልረሳ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ቡቺ ይጮኻል፤ እሳቸው ግን በስድብ ፋንታ ቁጥር ይጮኻሉ። አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩ ከስድቡ የከፋ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ክለቡ ተመልሶ ሲመጣ ሥራውን በግልጽ አከፋፈልኩ፤ ማጨብጨብ የእማዬ፣ የሰላምና የጋሽ ወልዴ፤ ማንበብ የእትዬ አበበች ብቻ። አለፍኩ። ማንም ምንም ሳይጨምርልኝ አለፍኩ።

አሁን ይህን የምጽፈው ከካምፕ ነው። እዚህ ያሉ ልጆች ስለ አሯሯጭና ስለ ዘመናዊ ሰዓት ሲያወሩ እኔ የማስበው ያንን በክንድ ርቀት የተያዘ ስልክ ነው። እናንተም ሩጫ ባትሮጡ ሌላ የምትለኩት ነገር አይጠፋችሁም። ከሚወዳችሁ ሰው ጋር ብሉ፣ ጠጡ፣ አልቅሱ። ሰዓት ግን አታስይዙት፤ ልቡ አይችልም። እኔን ደግሞ ስለ እናቴ ክፉ እንዳትሉብኝ። ዛሬም ደውላ ድምፄን ስትሰማ «ወፍረሻል» ትለኛለች፤ ሳታየኝ።

ከቦንጋ የወጣሁ ዕለት ልሰናበት እትዬ አበበች ሱቅ ገባሁ። ለካምፑ ልጆች የሚሆን አንድ ኪሎ ኮረሪማ ይመዝኑልኝ አልኳቸው። መዘኑ። ሚዛኑ ልክ ሆነና እንደ ልማዳቸው እጃቸው ቆመ። ከዚያ ወደ ጆንያው ተመልሰው አንድ እፍኝ ዘግነው ላዩ ላይ ጨመሩ። ሁለታችንም የተጨመረውን አየነው። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ፊታቸውን ኮሶ አስመስለው ግማሹን ወደ ጆንያው መለሱት።